ዘጠኝ ዓመቱን ከሲቪሽ ላይ አታጥፊው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ነው። ጸሐፊዋ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይረን እንዲህ አሳጥረነዋል።

«የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አራቱን ሳይት ላይ፣ አምስቱን ስትራክቸራል ዲዛይን (የሕንፃን ተሸካሚ አካል መንደፍ) በሚሠራ ቢሮ ውስጥ። ቶሮንቶ ከመጣን ሦስት ዓመት ሆነን። ባለቤቴ የሂሳብ ባለሙያ ነበር፤ እዚህ የጭነት መኪና ይነዳል። የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ፒኤስደብሊው (ተንከባካቢ) ሆኜ እሠራለሁ፤ ከነኦቨርታይሙ በዓመት 61,000 ዶላር ገደማ አገኛለሁ። በሙያዬ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም፤ ሁሉም ‹የካናዳ ልምድ አለሽ ወይ?› ነው። አንዲት ጓደኛዬ ‹ልምድሽ ስለበዛባቸው ነው የማይጠሩሽ› ስትለኝ ዘጠኙን ዓመት ከሲቪዬ ላይ አወጣሁት። ያኔ አንድ አነስተኛ የስትራክቸራል አማካሪ ድርጅት ጠራኝ። ድራፍቲንግ ቴክኒሺያን (መሐንዲሶች ያሰቡትን ንድፍ የሚስል) አድርገው በ52,000 ሊቀጥሩኝ ይፈልጋሉ። አለቃዬ የሚሆነው ልጅ 25 ዓመት ቢሞላው ነው። ባለቤቴ ‹ደመወዝ አስቀንሶ ሥራ መቀየር ምን የሚሉት ነው?› ይለኛል፤ ጓደኞቼ ነርሲንግ ተማሪ ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ እስካሁን ኢንጂነር ሆኜ የምሠራ ነው የሚመስላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጪን ብለውኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከዜሮ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?»

ማታ ሠሪዋ፣ ከቶሮንቶ

እህቴ፣

መልሱን ላስቀድምልሽ፦ ሥራውን ያዢው። ግን እነሱ ባቀረቡልሽ መልክ ብቻ አይደለም። ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂያቸው ነገር አለ፤ ቤትሽ ውስጥም ተነጋግራችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ አለ። ሁለቱንም እንመጣባቸዋለን።

በቅድሚያ ግን «ከዜሮ» ያልሽውን አልቀበልሽም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ተቀይሯል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የምህንድስና ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮፌሽናል ኢንጂነርስ ኦንታሪዮ፣ በአጭሩ ፒኢኦ፣ ከአመልካቹ የሥራ ልምድ ቢያንስ 12 ወሩ ካናዳ ውስጥ፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር የተሠራ እንዲሆን ለረጅም ጊዜ ያስገድድ ነበር። ፈቃድ የሌለውን የሚቀጥር የለም፣ ያልተቀጠረ ደግሞ ፈቃድ አያገኝም፤ ስንቱ ባለሙያ እዚያ ላይ ታንቆ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ይህ ግዴታ በሜይ 2023 ተነሥቷል። ዛሬ የሚጠየቀው 48 ወር የምህንድስና ልምድ ነው፤ የትም አገር ይሠራ። አንቺ 108 ወር አለሽ። ጓደኛሽ ከሲቪሽ ላይ ያስወጣችሽ እሱን ነው።

«ከካናዳ ውጪ የሠራሁት ልምድ ከተቆጠረልኝ ታዲያ ለምን በ52,000 ብዬ ንድፍ ላወጣ እገባለሁ?» ትይኝ ይሆናል። ፈቃድ ሰጪውና ቀጣሪው ለየቅል ስለሆኑ ነው። የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የካናዳ ልምድን ያለ በቂ ምክንያት መጠየቅ አድልዎ ነው ያለው ገና በ2013 ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያ ላይ የካናዳ ልምድ የሚል መስፈርት ማስገባት በሕግ ተከልክሏል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈው፣ ሲቪሽን የሚያገላብጠው ሰው ልብ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሕግ የለም። ያንን ሰው የሚያሳምነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ባለ ቢሮ የሠራሽው ሥራና ስልኩን አንሥቶ «አዎ፣ አውቃታለሁ» የሚልልሽ መሐንዲስ ነው። 52,000 ዶላሩ የሚገዛልሽ እሱን ነው።

የመንከባከቢያውን ሥራ አሳንሼ እያየሁት እንዳይመስልሽ። ሰው ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ሌሊት ሲቃዥ አብሮ መቀመጥ ከባድና ክቡር ሥራ ነው፤ ቤተሰብሽንም ሦስት ዓመት አቁሞልሻል። ለምህንድስናሽ ግን አንድም ወር አይቆጠርልሽም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዲዛይን ከሠራሽ የራቅሽበት ጊዜ እየረዘመ ነው። ሦስት ዓመት የሚያስረዱት ክፍተት ነው፤ «ከአገር ወጣሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ቤተሰብ አስተዳደርኩ» ብለሽ ቀጥ ብለሽ ትናገሪዋለሽ። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሆን ጠያቂው ብቻ ሳይሆን አንቺም ራስሽን መጠራጠር ትጀምሪያለሽ።

ገንዘቡን በደንብ እናስላው፤ ባልሽ የያዘው እሱን ነውና። ልዩነቱ በዓመት 9,000 ነው። ግብርና ሌላው ተቀናሽ ሲወጣለት እጅሽ ላይ የሚጎድለው በወር ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። የልጆቹ አበል ደግሞ ባለፈው ዓመት የቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርቶ በየጁላዩ ስለሚሰላ፣ ገቢያችሁ ሲቀንስ እሱ ትንሽ ከፍ ይላል። 500 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ባልሽ «ደመወዝ አስቀንሶ» ሲል በልቡ ያለው 9,000 ነው፤ የምትከራከሩበት ቁጥር ከእውነተኛው በጣም ይበልጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብራችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ድርጅቱ። እኔን የሚያስፈራኝ የደመወዙ ማነስ ሳይሆን ወንበሩ ነው። የሰው ስኬች ሬቪት ወደሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር እየገለበጡ አምስት ዓመት መቀመጥ በጣም ቀላል ነው። ሥራው አያልቅም፣ ቢሮው ሰላም ነው፣ በየዓመቱ ሁለት ፐርሰንት ይጨምሩልሻል፤ አንድ ቀን ቀና ስትዪ 41 ዓመትሽ ነው፣ አሁንም ድራፍተር ነሽ። ብዙ የተማሩ ስደተኛ ሴቶች ከሙያቸው ሙሉ በሙሉ አይወጡም፤ ከጎኑ ባለ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተረስተው ይቀራሉ። ቀጣሪው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ማን እንደቀጠረ ስለማያውቅ ነው። ያንቺም ቀጣሪ አያውቅም። አልነገርሽውማ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ንገሪው። ከሲቪ ላይ አንዳንድ ነገር መተው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ነገ ፈቃድ ስታወጪ ያ ዘጠኝ ዓመት ፒኢኦ ፊት መቅረቡ አይቀርም፣ ምናልባትም ምስክር ሁነኝ የምትዪው ይኸው ሰውዬ ነው። ያኔ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ዛሬ ካንቺ ይስማው። ሳትሽቆጠቆጪ፣ ይቅርታም ሳታበዢ፣ እንዲህ በዪው፦ «የሥራ መደቡ ድራፍቲንግ ስለነበረ ሲቪዬን አሳጥሬ ነበር የላክሁት። ከዚህ በፊት አምስት ዓመት የኮንክሪት ሕንፃ ዲዛይን፣ አራት ዓመት ሳይት ሱፐርቪዥን ሠርቻለሁ። ፈቃድ ለማውጣት እየተዘጋጀሁ ነው። ይህንን ከግምት አስገብተን ሥራውን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።» አነስተኛ ቢሮ ውስጥ የፌሮ ዝርዝር አይቶ ስህተት የሚለቅም ድራፍተር ማግኘት ብርቅ ነው። ሰውዬው አስተዋይ ከሆነ ዓይኑ ይበራል። ከተቆጣ፣ ወይም «ታዲያ ቶሎ ልትለቂን ነው» ብሎ ካፈገፈገ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ማወቅሽ ይሻላል፤ ሙሉውን ሲቪ ይዘሽ ወደሚቀጥለው በር ትሄጃለሽ።

ከተስማማ የሚከተሉትን ጠይቂ፤ መልሱን በቃል ብቻ አትቀበዪ፣ ከስልኩ በኋላ «እንደተነጋገርነው» ብለሽ በኢሜይል አስፍሪው። አንደኛ፣ የምሠራው በየትኛው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሥር ነው? በኦንታሪዮ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰውም የምህንድስና ሥራ መሥራት ይችላል፤ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ሥራውን ተከታትሎ ኃላፊነቱን እስከወሰደ ድረስ። ስለዚህ «ስሌቱን እኔ ልሥራ፣ እሱ ያረጋግጥ» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። መጀመሪያ ትንንሹን፤ አንድ ቢም (አግድም ተሸካሚ)፣ አንድ ፉቲንግ (የመሠረት እግር)፣ አንድ የበረንዳ ሶሌታ። ከጊዜ በኋላ ሙሉ ፎቅ። ሁለተኛ፣ ከስድስት ወር በኋላ መደቤና ደመወዜ እንደገና ይታያል ወይ? የመደቡ ስም ከድራፍቲንግ ቴክኒሺያን ወደ ስትራክቸራል ዲዛይነር ቢቀየር ለሚቀጥለው ሲቪሽ ከ2,000 ዶላር ጭማሪ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ለምህንድስና ፈቃዴ ፈተና ስቀመጥ የዕረፍት ቀን ይሰጡኛል ወይ? የሥራው ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ መነሻና ጣሪያ ተጽፎ ከነበረ ደግሞ መልሰሽ እዪው፤ 52,000ው ታችኛው ጫፍ ከሆነ ዘጠኝ ዓመትሽን ከተናገርሽ በኋላ መካከሉን መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ኦንታሪዮ ውስጥ «ኢንጂነር» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። ፈቃድ እስክታወጪ ድረስ በሲቪሽም፣ በሊንክድኢንም፣ በኢሜይል ፊርማሽም ራስሽን «ስትራክቸራል ኢንጂነር» ብለሽ አታቅርቢ። ያለፈውን ሥራሽን ግን የነበረበትን አገርና ዓመት ጠቅሰሽ መጻፍ መብትሽ ነው። ብዙዎች መጠሪያውን ላለመጠቀም ሲጠነቀቁ ሥራውንም አብረው ይሰርዙታል። ስንት ፎቅ፣ ምን ዓይነት መሠረት፣ በየትኛው ሶፍትዌር፣ ስንት ሰው እየመራሽ እንደሠራሽ ይጻፍ።

አሁን ጊዜ የማይሰጠው ነገር ላይ ልምጣ፤ ከዚህ ደብዳቤ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህንን ያዢ። ፒኢኦ ልምድሽን የሚመዝነው በ34 የብቃት መለኪያዎች ነው፤ በሰባት ክፍል ተመድበዋል። ለእያንዳንዱ አንድ የሠራሽውን ነገር ጠቅሰሽ ትጽፊያለሽ፤ ያንን ደግሞ ሥራሽን በቅርብ የሚያውቅ መሐንዲስ አይቶ ያረጋግጣል። እነዚያ መሐንዲሶች እነማን ናቸው? የቀድሞ አለቆችሽ። ዛሬ የት እንዳሉ ታውቂያለሽ? ሰዎች ድርጅት ይቀይራሉ፣ ጡረታ ይወጣሉ፣ አገር ይለቃሉ፣ ያርፋሉም፤ የሠራሽበት ድርጅት ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ፈተና በሚቀጥለው ዓመትም ይሰጣል፤ ምስክር ግን ይጠፋል። ስለዚህ የሥራውን ነገር ብትቀበዪም ባትቀበዪም፣ በዚህ ሳምንት ቁጭ ብለሽ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ሥራሽን ያዩትን ሁሉ ስም ጻፊ። ፈልጊያቸው፣ ሰላም በያቸው፣ የግል ኢሜይላቸውን ተቀበዪ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ሲለቁ ይዘጋል። ከድርጅቶቹም መቼ ገብተሽ መቼ እንደወጣሽና ምን ትሠሪ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ አስወጪ። የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕትሽንም እንዲሁ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለገምጋሚው ድርጅት መላክ ስላለበት ደጅ የሚያስጠና ነገር ነው፣ ወኪል የሚሆንሽ ዘመድ ካለ ይሯሯጥልሽ።

34ቱን ስትጽፊ የሴቶቻችን ጽሑፍ የሚወድቅበትን ቦታ ልንገርሽ። «ቡድናችን የመሠረቱን ዲዛይን አጠናቀቀ» ብለሽ ከጻፍሽ ገምጋሚው ምንም ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። ቡድኑን አይደለም የሚመዝነው። የአፈሩን ሪፖርት ማን አነበበው? ፉቲንጉ ጠባብ መሆኑን ማን አየው? ወደ ማት ፋውንዴሽን (ከሕንፃው ሥር በሙሉ የሚዘረጋ መሠረት) እንቀይረው ያለው ማነው፣ ለአለቃው ያስረዳውስ? አንቺ ከሆንሽ አንቺ ነሽ። ራስን ማስቀደም ነውር ነው እየተባለ ላደገች ሴት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚጎረብጥ መሆኑን አውቃለሁ። ቢጎረብጥም ጻፊው።

ፈተናዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኤንፒፒኢ የሚባለው የሙያ ሥነ ምግባርና የሕግ ፈተና አለ፤ 110 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጠዋል፣ ሁሉም አመልካች ይወስደዋል። ከካናዳ ውጪ የተማሩ ብዙ አመልካቾች በተጨማሪ የቴክኒክ ፈተና ይጠየቃሉ፤ ኤፍኢ በሚባለው የአሜሪካኖቹ የምህንድስና መሠረታዊ ዕውቀት ፈተና መተካትም ይቻላል። ኤፍኢ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመታትን ሒሳብና ስታቲክስ ጭምር ስለሚጠይቅ ከዲዛይን ይልቅ እሱ ነው የሚያስቸግርሽ። የተሟላ ማመልከቻ ካስገባሽ በኋላ ፒኢኦ በስድስት ወር ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ለፈተናና ለግምገማ ገንዘብ ካጠረሽ በክሬዲት ካርድ አትግቢበት፤ ዊንድሚል ማይክሮሌንዲንግ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት በውጭ አገር የተማሩ ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን እንዲያወጡ በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል።

የ25 ዓመቱ አለቃ። ይህ እንዳስከፋሽ ደብዳቤሽ ላይ ያስታውቃል፣ እኔም ብሆን ይከፋኛል። ቢሆንም ልጁ የሚያውቀውና አንቺ የማታውቂው ነገር አለ፤ ቶሮንቶ ውስጥ ፉቲንግ ውርጭ እንዳያነሣው ከመሬት በታች 1.2 ሜትር መውረድ እንዳለበት፣ ጣሪያ ላይ የሚከማች በረዶ እንዴት እንደሚሰላ፣ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል የትኛውን ወረቀት ካልያዝሽ እንደሚመልስሽ። ከ34ቱ መለኪያዎች ቀዳሚው ራሱ ኮድና ስታንዳርድ ስለማወቅ ነው። ጠይቂው፤ በዚህ ዕድሜው ሰው ሲጠይቀው ደስ ይለዋል። እሱ ደግሞ ሳይት ላይ ኮለን (ምሰሶ) ሲሞላ ኮንክሪቱ ለምን ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ እንደሚወጣ አላየም ይሆናል፤ አንቺ አይተሻል። ስህተት ስታዪ በሰው ፊት አታርሚው፣ ዝምም አትበዪ፤ ለብቻው «ይህችን ብታያት» በዪው። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ሦስቴ ሲደጋገም ስሌት ወዳንቺ መምጣት ይጀምራል።

ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጠብቅሻል። ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት፣ ብቸኛዋ ጥቁር፣ ንግግርሽ የተለየ ብቸኛዋ ሰው ልትሆኚ ትችያለሽ። የተናገርሽው ሳይሰማ ያልፍና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመው «ጥሩ ሐሳብ» ይባላል። ስሙ ያልተጠራ በደል ስለሆነ ለመክሰስም አይመች። የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፤ ከስብሰባ በፊት ሐሳብሽን በሁለት መስመር በኢሜይል ላኪ፣ ከስብሰባ በኋላ የተወሰነውን አጠቃለሽ ላኪ። ጽሑፍ ላይ የንግግር ዘዬ አይሰማም፣ ቀንና ስምም አብሮ ይቀመጣል። የኢንጂነሮች ካናዳ ማኅበር በ2030 አዲስ ፈቃድ ከሚያወጡት መሐንዲሶች 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ግብ ጥሎ ይንቀሳቀሳል፤ በዚህ ስም የሚደረጉ ዝግጅቶች ላይ ሂጂ፣ ሰው ትተዋወቂያለሽ። ግቡ ግን ስብሰባ ላይ አያወራልሽም። በቶሮንቶ ትሪየክ የሚባለው ድርጅት አዲስ መጤ ባለሙያን በሙያው ከሚሠራ ሰው ጋር የሚያገናኝበት የሜንተርነት ፕሮግራም አለው፤ እሱን ከሁሉም አስቀድሜ እመክርሻለሁ። የሚመድቡልሽ ሴት መሐንዲስ ከሆነች ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ትነግርሻለች፣ ለምሳሌ የትኛው ቢሮ ሴት ስታረግዝ ፊቱ እንደሚጠቁር።

ወደ ቤትሽ ልግባ። ባለቤትሽን ስትጠቅሺው ተቃዋሚሽ አድርገሽ ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን የታየኝ የሂሳብ ባለሙያ ሆኖ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። አንቺ ወደ ሙያሽ ስትመለሺ እሱ ብቻውን መሪው ላይ ሊቀር ነው፤ ያንን በአፉ ላይናገረው ይችላል፣ «ደመወዝ አስቀንሶ» ብሎ ነው የሚወጣለት። ስለዚህ ስትነጋገሩ ያንቺን ብቻ አታንሺ። ፈቃድሽን አውጥተሽ ደመወዝሽ ሲስተካከል የሚቀጥለው የእሱ ተራ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነም ጭምር አስቀምጡ። ለሁለታችሁም ቀን ይኑረው፤ ላንቺ ለምሳሌ 18 ወር። በ18 ወር ውስጥ ፈተናዎቹ ካላለቁ፣ ቢሮውም ከድራፍቲንግ ካላወጣሽ፣ ያኔ እንደገና ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ።

ነገር ግን ለእሱ ማዘኔ ሥራውን ካንቺ ላይ አያነሣውም። ቀን ቢሮ፣ ማታ ጥናት፣ መካከሉ ላይ ልጅና ምግብ፤ ይህን አንድ ሰው አይችለውም። ማታ ሠርተሽ ቀን ልጆች ስትይዢ ቤቱ የቆመው በእንቅልፍሽ ነበር፤ ማንም ስላልከፈለበት ዋጋው አልታየም። አሁን ዋጋው ሊታይ ነው፣ ባልሽን የሚያስደነግጠው አንዱ ነገርም ይኸው ነው። የ4 ዓመቱ ጁኒየር ኪንደርጋርተን ሊገባ ይችላል፤ ሙሉ ቀን ነው፣ ክፍያ የለውም። የሚያስቸግራችሁ ጠዋት ከትምህርት በፊትና ማታ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም አላቸው፣ የቶሮንቶ ከተማም ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ቤተሰብ የክፍያ ድጎማ ይሰጣል፤ ወረፋ ስላለው ነገ ሳትዪ ተመዝገቢ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታና አንድ የዕረፍት ቀን ግማሽ ቀን የጥናት ሰዓትሽ ይሁን፤ በእነዚያ ሰዓታት ልጆቹን የሚያበላና የሚያስተኛ እሱ ነው። «ይረዳኛል» በሚል ሳይሆን የእሱ ሥራ ሆኖ። ረጅም መንገድ የሚሄድበት ሳምንት ካለ አስቀድሞ ይነገርሽ፣ ሰዓቱ ይተካልሽ። ቤተ መጻሕፍት ሂጂ፤ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ የምታጠና እናት የለችም፣ በሩ ይንኳኳል።

ነርሲንጉን በሚመለከት፣ ከሕሙማን ጋር መሆኑን ወድደሽው ከሆነ ሌላ ወሬ ነው፣ እንነጋገርበታለን። ደብዳቤሽ ላይ ግን እንዲህ የሚል አንድም መስመር አላየሁም። ሙያ የመቀየሩ ሐሳብ የመጣው ጓደኞችሽ ስላዋጣቸው ነው። እሱም ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፣ ትምህርቱ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዜሮ መጀመር የሚባል ነገር ካለ እሱ ነው።

ለእናትሽ ንገሪያቸው። እስካሁን የደበቅሽው እንዳያዝኑ ብለሽ ነው፤ ግን መደበቁ ገንዘብም እያስወጣሽ ነው፣ ምክንያቱም «ኢንጂነር ልጅ» እንድትልክ የሚጠበቀው ከፒኤስደብሊው ይበዛል። ለአንድ ዓመት ተኩል የምትልኪው እንደሚቀንስ፣ የቀነሰውም ትምህርት ላይ ስለሆንሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። መጠኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪ፤ ከየወሩ ማቅማማት ለእሳቸውም ይሻላቸዋል።

የሁለት ሳምንቱን ቀጠሮ እንዲህ ተጠቀሚበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባልሽ ጋር ሂሳቡን ጨርሱ። ከዚያ ለድርጅቱ ደውለሽ ዘጠኙን ዓመት ንገሪ፣ ጥያቄዎችሽን አቅርቢ። በጎ መልስ ከሰጡሽ ፈርሚ። ከመንከባከቢያው ስትወጪም በደብዳቤ አሳውቀሽ፣ አመስግነሽ ውጪ፤ ብዙዎቹ ካዥዋል (ሲፈለግ ብቻ የሚጠራ) ሠራተኛ ስለሚፈልጉ በወር አንድ ሁለት ቅዳሜ መግባት ትችያለሽ፣ ያ ከ500 ዶላሩ ጉድለት የተወሰነውን ይሸፍናል። ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ቅዳሜዋን ለማንም አትስጪ። አዲሱን ሥራ የምትጀምሪበትን ቀን ስትስማሙ ደግሞ መንከባከቢያውን ከለቀቅሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስገቢበት፤ ሦስት ዓመት ሌሊት የሠራ ሰውነት ማታ መተኛት ወዲያው አይለምድም።